ድንኳኑን ያስነቀሉት ሴትዮ

እትዬ ዘሃራ ማረፋቸውን የሰማሁት መራዊ መናኸሪያ ቆሜ መኪና ስጠብቅ ነው። የደወለልኝ አንዱዓለም ነበር፤ ባሕር ዳር እሳቸው ግቢ ተከራይተን በነበረበት ጊዜ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ። «ሴትዮዋ አረፉ» አለኝ። የትኛዋ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ለእኛ ለተከራዮቹ ሴትዮዋ ማለት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቀጥሎም፣ «ለቅሶው ላይ አንድ የቀበሌ ሰው ተነስቶ ‹የልማት አጋራችንን አጣን› ብሎ ተናገረ» ሲለኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

አጋር አሏቸው። በሕይወት እያሉ ይህን ቢሰሙ የሻሻቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ልማዳቸው ነው። የሚያስጠላቸውን ነገር ሲሰሙ፣ ምንም ሽታ በሌለበት፣ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ። ግቢያቸው የገባሁ ሰሞን አስም ያለባቸው መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሬዲዮ ስንሰማ አንዱ ባለሥልጣን «ከፍተኛ ርብርብ እየተደረገ ነው» ሲል ሸፈኑ፤ ዜናው አልቆ ዘፈን ሲጀምር ገለጡ።

ደግ ነበሩ ብዬ ብጀምር የዋሸሁ ይመስለኛል። አከራይ ነበሩ፤ ያውም አስቸጋሪ አከራይ። የሽንት ቤቱን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። ከግቢው ቧንቧ ላይ አንድ ባልዲ ቀድቶ ሁለተኛ የሚደግም ሰው ካለ መስኮታቸው ይከፈታል። ከአዳማ የመጣ ወንድሜን አሳድሬው ጠዋት በር ላይ ሲያገኙኝ «ሆቴል ከፈትህ እንዴ?» ብለውኛል። ሽሮ ያሳረርኩ ዕለት ደግሞ ኮሌጅ የማስተምር መሆኔን አንስተው ተማሪዎቼን አዘኑላቸው።

ባለቤታቸው ጋሽ እድሪስ ሐይቁ ዳር ጀልባ ይሠሩ ነበር፤ ዘመዶቻቸው ዓሣ ያጠምዳሉ። ዓሣ የመጣ ቀን ለሁላችንም ይከፋፈላል። እትዬ ዘሃራ ሳህኑን በየበራችን እያስቀመጡ «ሥጋ ብሰጣችሁ የእስላም ነው ትላላችሁ። ዓሣ ባራኪ አይፈልግ፤ ብሉ» ይሉናል። ይህንንም የሚሉት እየተቆጡ ነው። ምስጋና አይወዱም። የአንዱዓለም ሚስት ትርንጎ ብቻ ናት ሳህኑን ተቀብላ አንገታቸው ላይ የምትጠመጠመው። ትርንጎ ከቆላ ድባ የመጣች፣ ስትስቅ ድምፅዋ መንገድ ድረስ የሚሰማ ልጅ ነበረች። «ሂጂ ወዲያ፣ ሻሼን ታበላሺዋለሽ» እያሉ ይገፏታል። ሲገፏት ግን እጃቸው አይበረታም።

አሁን ስለ ውሃው ልናገር።

የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ከሐይቁ ዳር ነው። ድንጋይ ብትወረውር ውሃው ውስጥ ይገባል። ማዋለጃ ክፍሉ ግን ውሃ አልነበረውም። ቧንቧው አለ፤ የእጅ መታጠቢያው አለ፤ መክፈቻውን ስታዞረው ይዞራል፤ የሚወርድ ነገር የለም። ጤና ጣቢያው የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው ይላል። ውሃ መሥሪያ ቤቱ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የጤና ጣቢያው ነው ይላል። ቀበሌው ለሚመለከተው ክፍል አሳውቀናል ይላል። ምጥ የያዛት ሴት ተደግፋ ስትመጣ ከኋላዋ አንድ ሰው ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ይከተላል። ይህ ራሱ ያስጠላል፤ ከዚህ የባሰ የሚያስጠላው ግን መልመዳችን ነው። እርጉዝ ያለበት ቤት የገንፎ እህልና የሕፃን ልብስ ሲያሰናዳ ጀሪካንም አብሮ ያሰናዳል። ጎረቤት መንገድ ላይ ሲያገኛት «ጀሪካኑን አጠባችሁ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ መልካም ነገር የተመኘላት ይመስል።

እትዬ ዘሃራ ይህን መልመድ አልቻሉም። ቀበሌ በሄዱ ቁጥር፣ ለመታወቂያም ይሁን ለሌላ ጉዳይ፣ መጨረሻ ላይ ውሃውን ያነሳሉ። «ይሠራል እናቴ» ሲሏቸው «ማን?» ይላሉ። «በሂደት ላይ ነው» ሲሏቸውም «ማን ነው በሂደት ላይ ያለው? ስሙን ንገረኝና እሱ ዘንድ ልሂድ» ይላሉ። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ስሄድ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ልጅ «አስተያየትዎን እንደ ግብዓት ወስደነዋል» አላቸው። እሳቸውም ወንበሩን ስበው ተቀመጡና «ይኸ ግብዓት የምትሉት የት ነው የምታከማቹት? ስንት ዓመት ሙሉ ስንሰጣችሁ መጋዘኑ አልሞላም?» አሉት። ልጁ ለመሳቅ ሞከረ። ሻሻቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ሙሉቀን ይባላል። ሌባ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሩ ቀላል ይሆንልኛል። ሌባ አልነበረም። ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ነበር። በሰፈሩ ሰው ሞተ ከተባለ ከዘመድ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። የቀበሌውን ድንኳን አስጭኖ ይመጣል፤ እጅጌውን ሰብስቦ ካስማ ይመታል፤ ወንበር ይደረድራል፤ ሲመሽ ሰው እስኪለቅ አብሮ ይቀመጣል። የሟቹን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ የታመመበትን ምክንያት ሁሉ ያስታውሳል። ጋሽ እድሪስ ሲሞቱ ጀናዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ክርስቲያን ሆኖ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እስከ መቃብሩ ድረስ። ሰፈሩ ይህን ሲያወራ ከረመ። እትዬ ዘሃራም «አላህ ይስጠው» ብለዋል፤ ከልባቸው ነው ያሉት።

ከዚያ ሕዝቡ የመንግሥት አገልግሎትን ራሱ ይመዝን፣ ከኃላፊዎቹ ጋርም ፊት ለፊት ይነጋገር የሚል ነገር መጣ። እውነት ለመናገር ሐሳቡን የሚያስንቅ ነገር አላየሁበትም። መጀመሪያ ሴቶቹ ብቻቸውን ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ያን ዕለት ከሥራ ስመለስ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ያልተነገረ አልቀረም፤ ጀሪካኑ፣ መሬት ላይ ተኝታ የወለደችው፣ በሻሽዋ ደሟን ጠርጋ ወደ ቤቷ የሄደችው። ጤና ጣቢያውን «ዝቅተኛ» ብለው መዝነው ተነሡ። እትዬ ዘሃራ ያን ምሽት ሽንት ቤቱን ሳይቆልፉ አደሩ። ደስ ሲላቸው ያየሁት ያኔ ነው።

በሳምንቱ ግን እነዚሁ ሴቶች ከወንዶቹ ጋር ኃላፊዎች ወዳሉበት የቀበሌው አዳራሽ ተጠሩ፤ የሚመዘገበው ውጤት የዚህኛው ነው ተባለ። የእኔ መታወቂያ የአዳማ፣ የትርንጎና የአንዱዓለም ደግሞ የቆላ ድባ ስለነበር መመዘን አትችሉም ተባልን። እዚያ ጤና ጣቢያ የሚወልደው አብዛኛው የተከራይ ሚስት ነው፤ ድምፅ የሌለውም እሱ ነው። እትዬ ዘሃራ ግን «ባትመዝኑም ቁማችሁ ስሙ» ብለው ይዘውን ሄዱ። ትርንጎ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ለቀቁላት።

አቶ ሙሉቀን ገባ። መድረክ ላይ ቀጥ ብሎ አልወጣም፤ በወንበሮቹ መሀል እየዞረ ሰላምታ ጀመረ። አንዷን «የጋሼ ሙት ዓመት ደረሰ አይደል፣ እንዳትረሱኝ» አላት። አንድ ሽማግሌ አቅፎ «ልጁን እግዜር ነፍሱን ይማረው፤ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋ» አለው፤ ሽማግሌው አለቀሰ። እትዬ ዘሃራ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። ዞሮ ሲያበቃ በአዳራሹ ውስጥ እሱ ያልቀበረለት ሰው አልቀረም። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ከጎኑ የነበረው አወያይ «ጤና ጣቢያው ዝቅተኛ ነው የምትሉ እጃችሁን አንሡ» አለ።

አንድ እጅ ተነሣ።

ዋርካው ሥር ሲጮሁ የሰማኋቸውን ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ አየኋቸው። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ጣሪያ ያያሉ፤ ጥፍራቸውን ይመረምራሉ። «ጥሩ የምትሉ» ሲባል እጁ እንደ ደን ቆመ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ማንም አላስፈራራቸውም። ብቻ ፊቱ ላይ ማለት አልቻሉም።

የእድሩ ዳኛ ከፊት ወንበር ዞር ብለው «ዘሃራ፣ ተይ እንጂ። ይኸ ሰው እኮ የባልሽን ጀናዛ የተሸከመ ነው» አሏቸው።

እትዬ ዘሃራ እጃቸውን ሳያወርዱ «ባሌን ተሸከመ፤ አልካድሁም፤ አላህ ይስጠው» አሉ። «ውሃውን ግን አልተሸከመም። ዛሬ የጠራችሁኝ ለውሃው ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዷ «ምን ዓይነት ልብ ነው» ስትል ሰማሁ። አቶ ሙሉቀን ግን አልተቆጣም። በለሰለሰ ድምፅ «የእትዬን አስተያየት እንደ ግብዓት እንወስዳለን» አለና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለእትዬ ዘሃራ ሰላምታ ነሣቸው። ሱቅ ሲገቡ ወሬ ይቆማል። ውለታ ቢስ ተባሉ። እሳቸው ደግሞ በነገሩ የሚያዝኑ ዓይነት ሰው አልነበሩም፤ እልህ ያዛቸውና ከሁሉም ጋር መጣላት ጀመሩ፤ ከእኛም ጭምር። አንድ ቀን በባልዲው ምክንያት ትርንጎን ሳይቀር ገሰጿት። ማታውኑ ደግሞ በሯን አንኳኩተው የተጠበሰ ዓሣ ሰጧት፤ «ለአንቺ አይደለም፤ ለሆድሽ ነው» ብለው።

ክረምቱ ሲያልፍ ከተማው የሚጠግናቸው ጤና ጣቢያዎች ታወቁ። የእኛ የለበትም። እትዬ ዘሃራ ሦስት አራት ሴቶች እንደ ምንም አግባብተው ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሊጠይቁ ሄዱ። እዚያ ያለው ባለሙያ በትሕትና «እናቶቼ፣ ነዋሪው ራሱ ጥሩ ነው ብሎ መዝኗል። ጥሩ የተባለውን ምን ብለን እንጠግን?» አላቸው። በሕይወቴ ከሰማኋቸው መልሶች መካከል ይህን ያህል ትክክል ሆኖ ይህን ያህል የሚያስጠላ ሌላ አላውቅም። አብረዋቸው የሄዱት ሴቶች ክው አሉ። አንደኛዋ «እኛ እኮ ጥሩ ያልነው ሰውየውን ነው» አለች። እትዬ ዘሃራ ይህንን ሲነግሩኝ አልሳቁም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ደጋግመው «ሰውየውን ነው ያልነው፤ ሰውየውን ነው ያልነው» አሉ፤ ከዚያ ሻሻቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።

ትርንጎ ምጥ የያዛት ጠዋት ነው። አንዱዓለም ፋብሪካ ፈረቃ ገብቶ ነበርና እትዬ ዘሃራ በግራ፣ እኔ በቀኝ ይዘናት ሄድን። ጀሪካኑን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እንደ ደረስን ሌላ ሴት ከደልጊ በኩል በጀልባ መጥታ እዚያው ክፍል ተኝታ አገኘን፤ ጀሪካን የሚባል ነገር አልሰማችም። አዋላጇ ነርስ ያለውን ውሃ ለሁለቱም አብቃቃችው፤ ሌላ ምን ታድርግ። ሳይቆይ አለቀ። ጀሪካኑን ይዤ ሰፈሩን ዞርኩ። ያን ቀን የሰፈራችን የውሃ ተራ አልነበረም፤ የየቤቱ ቧንቧ ደርቋል፤ ያጠራቀመው ሰው እንዳያልቅበት ይሳሳል። ጥቂት አግኝቼ ስመለስ ነርሷ በር ላይ ቆማ ደም የነካውን ሁለት እጇን ከፊቷ አርቃ ይዛ ነበር። «በዚህ እጅ ነው የማዋልድ?» አለች፤ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን። ልጅ እግር ናት። ከበሩ ላይ ሐይቁ ይታያል።

ትርንጎ ሴት ልጅ ተገላገለች። እልል አልን። እትዬ ዘሃራ ሕፃኗን አገላብጠው አይተው «አፍንጫዋ የእናቷ ነው፤ አላህ ሣቋንም ይስጣት» አሉ። ከቀናት በኋላ ትርንጎን ትኩሳት ያዛት። ሆዴን አለች። ሆስፒታል ስትደርስ ደሟ ተመርዟል፤ ከወሊዱ ጊዜ የመጣ ነው አሉ። ውሃ አጥታ ሞተች ብሎ የሚጽፍ ሐኪም የለም፤ እኔም ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ያቺ ነርስ እጇን እንዴት አርቃ እንደያዘች ነው። ትርንጎ አልተመለሰችም።

የቀብሯ ቀን እትዬ ዘሃራ ሕፃኗን ይዘው ቤት ቀሩ። እኛ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ወንበሩ በመስመር ተደርድሯል። አቶ ሙሉቀን በር ላይ ቆሞ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ የሚገባውን ሰው ሁሉ በሁለት እጁ ይቀበላል። አንዱዓለምን አቅፎ አለቀሰ። የውሸት እንባ አልነበረም፤ ይበልጥ ያስጠላኝም ይኸው ነው። ሰው እየገባ መቀመጥ ሲጀምር እትዬ ዘሃራ ሕፃኗን ታቅፈው ከቤት ወጡ። መሬት መሬት እያዩ ድንኳኑ መሀል ድረስ ሄዱ።

«ሙሉቀን፣ ድንኳንህን ንቀል» አሉ።

«እትዬ?»

«ድንኳንህን ንቀል አልሁህ። ግቢው የእኔ ነው።»

እሱ በዝግታ «እትዬ ዘሃራ፣ ሐዘን ላይ ነን። ቅሬታ ካለዎት ነገ ቢሮ ይምጡ፤ ዛሬ ተዉት» አላቸው።

«ሐዘንማ ነው። ማን እንደ ተቀበረች ታውቅ የለም?» አሉት። ድምፃቸውን አልጨመሩም። «ድንኳን በሰዓቱ ታገኛለህ። ወንበር በሰዓቱ ታገኛለህ። ጎረምሳ አሰልፈህ በአንድ ጠዋት ትተክላለህ። ቧንቧ ስንልህ ለሚመለከተው አሳውቀናል ትላለህ። እስክንሞት ጠብቀህ ነው የምትመጣ?»

የእድሩ ዳኛ ተነሡ። «ዘሃራ፣ ነውር ነው። ለቅሶ የመጣ ሰው አይመለስም።»

«ነውሩ የቱ ነው?» አሉ እሳቸው፤ የጠየቁት መልስ ፈልገው ይመስል ሽማግሌውን ትኩር ብለው አዩ። እትዬ ዘሃራ ሕፃኗን ለእኔ ሰጡኝና ሄደው አንዱን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው፤ በጥርሳቸው ሳቡት። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንዱዓለም ከተቀመጠበት ተነሥቶ በሌላው ጫፍ ሄደና ካስማውን ነቀለ።

ድንኳኑ ጋደል ብሎ ወረደ። ግማሹ ሰው እየተራገመ ወጥቶ ሄደ፤ ግማሹ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠ። አቶ ሙሉቀን ወንበር በእጁ ይዞ መሀል ቆሞ ቀረ፤ ለቅሶ ላይ የት እንደሚቆም ሲጠፋው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከቆላ ድባ የመጡት የትርንጎ አባት የሆነው አልገባቸውም ነበር። «ምንድር ነው ጠቡ?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ጠየቁ። ነገሯቸው። አባትየው አንገታቸውን ቀና አድርገው ከአጥሩ በላይ ወደሚታየው ሐይቅ አዩ። «ውሃ? እዚህ?» አሉ። ሁላችንም አቀርቅረን ነበር።

ሁለተኛው ምዘና ሲደርስ እትዬ ዘሃራ አንዱዓለምን የሐዘን ልብሱን አስለብሰው፣ ሕፃኗን አስታቅፈው፣ የፊተኛው ወንበር መሀል ላይ አስቀመጡት። መመዘን አይችልም ሲሏቸው «አይመዝንም፤ ይቀመጣል» አሉ። አቶ ሙሉቀን ገባና እንደ ልማዱ በወንበሮቹ መሀል ሊዞር ሲል ከሕፃኗ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠመ። መድረክ ላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። «ዝቅተኛ» ሲባል አዳራሹ ሙሉ እጁን አነሣ። የእድሩ ዳኛ ከሁሉም ቀድመው ነበር።

ሕዝቡ ነቃ ብዬ ልጽፍ እችል ነበር። እትዬ ዘሃራ አልፈቀዱልኝም። ወደ ቤት ስንመለስ ደስ ብሎኝ አንድ ነገር ስናገር አቋረጡኝና «አሁንም ለለቅሶ ነው እጃቸውን ያነሡ» አሉኝ። «በፊት እሱን አፈሩ፤ አሁን ሙቷን አፈሩ። ውሃውን ማንም አልመዘነ።»

«ታዲያ እርስዎ ነዎት ሕፃኗን ፊት ያስቀመጧት» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ። በለቅሶ ከመጡብኝ በለቅሶ መጣሁባቸው። ሌላ የሚገባቸው ነገር ባገኝ ኖሮ በሕፃን እነግድ ነበር?» ይህን ብለው ሻሻቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡት፤ ያን ዕለት የሸፈኑት ከራሳቸውም ጭምር ይመስለኛል።

ብዙ አልቆየም፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቧንቧ ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያው መጣ ተባለ። እትዬ ዘሃራ በርጩማቸውን ይዘው ሄዱ። እኔም ትምህርት ስላልነበረኝ ተከተልኳቸው። ማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ተቀመጡና ማየት ጀመሩ። ሰውየው ብቻውን ነው፤ መፍቻና መጋዝ የያዘ አንድ ከረጢት አለው። ከግድግዳው ሥር ጥቂት ቆፈረ። የዛገ መጋጠሚያ ቆርጦ አወጣና ሣሩ ላይ ጣለው፤ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ብረት ናት። አዲሱን ገጠመ፤ አጠበቀ፤ ሄዶ ዋናውን ከፈተ። ውስጥ ያለው ቧንቧ መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ቀጥሎ ቀይ ውሃ፤ ከዚያ ንጹሕ። ነርሷ እየሮጠች መጥታ እጇን ከሥሩ ዘረጋች፤ ዝም ብላ ታጥባለች፣ ታጥባለች፤ አልዘጋችውም።

ጥላው ገና ከግድግዳው ሥር አልጠፋም ነበር። ሠራተኛው ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሽማግሌ እንዲመርቀው እንደሚጠብቅ ሰው እትዬ ዘሃራ ፊት ጎንበስ አለ።

«ይኸው እናቴ፣ ምሳ ሳይደርስ ጨረስንላችሁ» አላቸው።

እትዬ ዘሃራ ሣሩ ላይ የወደቀችውን ብረት አዩ። ውሃውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ሰውየውን አዩት።

«ምነው ልጄ» አሉት፣ «ትንሽ እንኳ ባስቸገረህ።»

የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ።